«ሰው አይቆጠርም» ያልኩበት የቤተ ልሔም ጉዞ

እኔን ብሎ መራጭ። ገበያ ወርጄ የገዛ አህያዬን ከሰው አህያ ለመለየት ጎረቤት የምጣራ ሴትዮ፣ «የጉዞ ድርጅት ምረጪልን» ስባል «እሺ» አልኩ። ምን እንዳስባለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እርጅና ጉልበት ይወስዳል፣ ዓይን ይወስዳል፣ ጥርስ ይወስዳል። የኔን ምላስ ግን ረስቶ ትቶልኛል፤ መከራዬም ሁሉ ከእሷ ነው የሚመጣው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም። እኔ አወራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች። ካሳመረችው የእሷ ነው፣ ካበላሸችው ግን የኔ አይደለም። የማወራውም ጋይንትን ለማታዩት ነው፤ ጉልበት እምቢ ላላችሁ፣ ልጆቻችሁ «ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ የት ልትሄጂ ነው» ለሚሏችሁ።

እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ በወር በወር የምንሰበሰብባት የማርያም ማኅበር አለችን። ሁላችንም አሮጊቶች ነን። ስንት እንደሆንን አልነግራችሁም፤ ምክንያቱን ኋላ ትደርሱበታላችሁ። ሁለት ትልልቅ መሶብ የምንከብ ያህል ነን ብዬ ልለፈው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ጠላው ትንሽ ሲይዘን፣ ሳንሞት ጋይንት ቤተ ልሔምን እንሳለም ተባለ። ነገሩን ያነሣችው ደብሬ ናት።

ደብሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ባሏ መሪጌታ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በወጣትነታቸው ድጓውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ማለቴ ነው፣ የተማሩት ቤተ ልሔም ነው። አግብተው ከብደውም፣ አርጅተውም ወሬያቸው ቤተ ልሔም ብቻ ነበር። «አንቺን ያገቡሽኮ ወደውሽ አይደለም፣ ይህን ወሬ የሚሰማ ሰው አጥተው ነው» እያልኩ አናድዳት ነበር። አሁን ደብሬ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ሰው በድምፁ ታውቃለች። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ያን ያሰለቸኝን አገር አንዴ ልየው» አለች።

ልጇ ትርንጎ መጀመሪያ እምቢ አለች። እኔ ስለምን ስለምን ቆየሁና በመጨረሻ «እማማ ዘነቡ፣ እርሰዎ ካሉበት ትሂድ። እናቴን የምቀበለው ከእርሰዎ እጅ ነው» አለችኝ። ይህን ቃል ሰው እንዲህ በቀላሉ ይሰማዋል። እኔም ያኔ እንዲያው ነው የሰማሁት።

እንግዲህ ምርጫው ላይ ልምጣ። ሁለት ጉዞ አዘጋጆች ነበሩ። አንደኛው ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ነው፤ ሞንታርቦ መኪና ላይ ጭኖ ከተማውን ሲያደነቁር የሰነበተ። ቴሌቪዥን የተሰቀለበት አውቶቡስ አለን፣ በሁለት ቀን ስድስት ደብር እናሳልማለን አለን። ሥዕል ያለበት ወረቀትም ሰጠን። እኔ ወረቀቱን ገልብጬ ሳየው ከቆየሁ በኋላ «ልጄ፣ አሮጊት ሽንቷ ሲመጣ ይቆማል?» አልኩት። ሳቀና መኪናችን ዘመናዊ ነው አለ። መኪናው ዘመናዊ ቢሆን እኔ አሮጌ ነኝ አልኩት። ደግሞ «ከኋላ የቀረችስ እንዴት ትሆናለች?» ብለው፣ እኛ ጋ ማንም አይቀርም አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው ወይ መልአክ ነው፣ ወይ ዞሮ ከኋላው አይቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ጌትነት ይባላል። ሞንታርቦ የለው፣ ሥዕል የለው። ደብተር ይዞ መጣና እኛ ልንጠይቀው ስንጠብቅ እሱ ይጠይቀን ጀመር። ማን መድኃኒት ትውጣለች? ማንን መኪና ያስመልሳታል? የማን ጉልበት ነው ደረጃ የማይወጣ? ለማን ልጅ ነው የሚደወለው? እኔ ተናድጄ፣ አንተ ሐኪም ነህ ወይስ መኪና ጫኝ አልኩት። አልተቀየመም። ከእስቴ እስከ ደብረ ታቦር የት የት እንደሚቆም፣ የትኛው ጋ ከለላ ያለው መጸዳጃ እንዳለ፣ የትኛው ጋ ቁጥቋጦ ብቻ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረን። አንድ ደብር በአምስት ቀን ነው ያለን። ያችኑ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ከኋላ የቀረችስ?

ደብተሩን ዘጋና «እመለሳለሁ» አለ። «ጉዞው ቢበላሽም እመለሳለሁ።»

እሱን መረጥኩ። ቀኑን ሁለት ጊዜ ሲያራዝምብን ደግሞ በመምረጤ ራሴን ረገምኩ። ለካ ጋይንት ላሉ ሰዎች እየደወለ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያረጋግጥ አይንቀሳቀስም። እናንተም ስትመርጡ፣ ምን ታሳየናለህ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስንቀር ምን ታደርጋለህ በሉ።

ከጥምቀት በኋላ ሐሙስ ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን። መኪናችን ቅጥቅጥ ናት፤ አርጅታለች፣ ግን እኛም አርጅተናልና ተግባባን። ሾፌሩ የስማዳ ሰው ነው። እንኳን ሊያወራ፣ እንደምን አደርክ ሲሉት በራሱ ነቅነቅ ነው የሚመልሰው። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሳይ እጄን ይበላኛል። ጋይንት ሳንደርስ አስወራዋለሁ ብዬ ለሴቶቹ ፎከርኩ።

ጌትነት ከመነሣታችን በፊት ለያንዳንዳችን የሱ ስልክ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ሰጠንና መቀነታችሁ ውስጥ ቋጥሯት አለ። ክታብ ታስራለህ ወይ ብዬ ሳቅኩበት። የኔን ወስጄ በርበሬ ቋጠርኩባት። ደብሬ ግን የተሰጣትን የምትሰማ ሴት ናት፤ መቀነቷን ፈታ፣ ቋጥራ፣ ሁለት ጊዜ አጥብቃ አሰረች። በእሷም ሳቅኩ።

ከዚያ ጌትነት ጣቱን እየቀሰረ መኪናው ውስጥ መመላለስ ጀመረ። ምን እያደረግህ ነው ብለው፣ እየቆጠርኩ ነው አለኝ።

እንግዲህ እኛ አገር ሰው አይቆጠርም። ከብት እንኳ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይቀንሳል። ልጆችሽ ስንት ናቸው ስትባል፣ እግዜር የሰጠኝን ያህል ነው የምትይው። ዳዊት እንኳ ያን ያህል ንጉሥ ሆኖ፣ ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሰፍት ወረደበት ሲሉ በስብከት ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ ለጌትነት ነገርኩት። ሴቶቹም እውነቷን ነው አሉ። እሱ ለሥራው ግድ እንደሆነ አስረዳን። እኔ ሙት ብዬ ያዝኩ። በልቡ ሊቆጥረን ሲሞክር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁና ተነሥቼ ቦታ ቀየርኩ። ሌሎቹም ገባቸው፤ እንደ ጫጩት ተበታተንበት። ሦስት ጊዜ ጀመረ፣ ሦስት ጊዜ ጠፋበት። በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ ቆመ።

አሳዘነኝና መላ አመጣሁለት። በሬ ሲጠመድ ማን ይቆጥራል? አንዱ ከጎደለ ቀንበሩ ራሱ ይናገራል። እኛም ሁለት ሁለት ሆነን እንጠመድ፤ አንተ «ጥማድሽ አለች?» በል፣ እኛ «አለች» እንላለን አልኩት። ሳይወድ ተቀበለ። የደብሬ ጥማድ ማን እንደሆነች መቼም ገምታችኋል።

መንገዱን ልንገራችሁ። እኛ እስቴዎች ጉናን የምናውቀው በወዲህ ጎኑ ነው። በደብረ ታቦር ዞረን በወዲያ በኩል በቀኛችን ስናየው ሌላ ተራራ መሰለን። ለካ ተራራም እንደ ሰው ፊትና ጀርባ አለው። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ጀርባውን እያየን ኖረን፣ ወይም ፊቱን፤ በዚህ ከጋይንቶች ጋር ሳንጣላ አንቀርም። ከዚያ በላይ ጤፍ የሚባል ነገር የለም። ገብስ ነው፣ ገብስ። አውድማው ሁሉ ገብስ እየተወቃበት ነጭ ሆኗል። ድርቆሹን እንደ ጎጆ ከምረውት ሳይ ሰው የሚኖርበት ቤት መስሎኝ እጅ ነሣሁ፤ ሴቶቹ እስኪያማቸው ሳቁብኝ። ጌትነት አቆማለሁ ባለበት ቦታ ሁሉ መኪናዋን አቆመ፣ አንድም ጊዜ ሳያጓድል። ቁጥቋጦ ነው ባለበት ቁጥቋጦው ነበረ።

ንፋስ መውጫ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። እኛም አገር ነፋስ አለ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። እዚያ ግን ነዋሪ ነው፤ ነጠላሽን ሳያስፈቅድ ይገፍሻል። ያደርንበት አልቤርጎ ንጹሕ ነው። ባለቤቲቱ አሮጊቶች መሆናችንን ስታይ ከራሷ ቤት ብርድ ልብስ እያመጣች በላይ በላያችን ደራረበችልን፤ መገላበጥ እስኪያቅተን። እራት ላይ የገብስ እንጀራ ቀረበ። ደብሬ እየጎረሰች ስለ መሪጌታ ስታወራ ምላሴ አላስቀምጥ አለኝ። «ለመሆኑ መሪጌታ መጀመሪያ ሽማግሌ ሊልኩ ያሰቡት ለእኔ እንደነበር ነግረውሻል?» አልኳት። ውሸት ነው። ሴቶቹ ሳቁ። ደብሬ ግን እጇን ታጥባ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ገብታ ተኛች።

አርብ ጠዋትም እንዳኮረፈች ነው። ፊቴን በረዶ በመሰለ ውኃ ታጥቤ ስወጣ ሴቶቹ ዕቃ እየጫኑ ነበር። እኔ ለይቅርታ አልቸኩልም ብዬ፣ የፎከርኩበትን ሾፌር ላስወራ ወደፊት ሄድኩ። ስለ ስማዳ ሙቀት አነሣሁበት፣ ስለ ስማዳ ሴት ጠየቅሁት። ራሱን ይነቀንቃል፣ ይነቀንቃል። ጌትነት ከበሩ ላይ ሆኖ ጥማዳችሁ አለች ብሎ ጠየቀ። ሁሉም አለች፣ አለች አሉ። እኔ ዞር አልኩ። የደብሬ ጋቢ መስኮቱ ጥግ ጉብ ብሏል። «አለች፣ አኩርፋለች እንጂ» አልኩ። መኪናዋ ተነሣች።

ትንሽ እንደሄድን አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ዝም። ነፋሱን ፈርታ ከነራሷ ተከናንባለች። ቆሎ ዘገንኩላት፤ ዝም። ሌላ ጊዜ ብትሆን እኔም አኮርፍ ነበር። ግን እንግዲህ የምንሄደው ቤተ ልሔም ነው፣ ቂም ይዞ አይሳለሙም። ሴቶቹ እንዳይሰሙኝ ጎንበስ ብዬ መናዘዝ ጀመርኩ። ዋሽቼ ነው፣ መሪጌታ እኔን ቀና ብለውም አይተውኝ አያውቁም አልኩ። እንዲያውም ያኔ አንቺን ሲያገቡ ቀንቼ ነበር፣ ከዚያ ጀምሮ ነው የማሾፍብሽ አልኩ። ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠየቅሁት ይቅርታ ቢደመር ያን ቀን የጠየቅሁትን አያክልም። እሷ ግን ንቅንቅ የለ። ልቧ እንደ ድንጋይ ጠጠረ ስል አዘንኩ።

ግማሽ መንገድ አልፈን የጌትነት ስልክ ጮኸ። አንስቶ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ሾፌሩ ቀስ አለ። ጌትነት «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለ ቆየና ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

«ንፋስ መውጫ አንዲት እናት አሉ ይላሉ» አለ። «ወድቀው ሲል ነው የተቋረጠ። እስኪ እያንዳንዳችሁ ጥማዳችሁን ተመልከቱ።»

ሁሉም ተያዩ። እኔ «የኔዋ እዚህ ተኝታለች» አልኩና ጋቢውን ገለጥ አደረግሁ። ከሥሩ ለቤተ ልሔም የያዝነው የጧፍ ጆንያ ተቀምጧል። በላዩ ላይ የደብሬ የቆሎ ቦርሳ፣ በጎኑ ጥላዋ። ቦታዬን እንዳይወስዱብኝ ብላ ጋቢዋን ጣል አድርጋበት ወርዳለች።

ለጆንያ ነው የተናዘዝኩት። ይህ ዛሬ ያስቀኛል፤ ያኔ አላሳቀኝም። የትርንጎ ድምፅ ነው በጆሮዬ የመጣው፤ እናቴን የምቀበለው ከእርሰዎ እጅ ነው። በእጄ ያለው ጋቢ ብቻ ነው። ዓይን የሌላት ሴት፣ በማታውቀው አገር፣ በዚያ ነፋስ፣ ወድቃ። ያ ልጅ ልቁጠራችሁ ሲል እንደ ጫጩት ያስበተንኩበት እኔ ነኝ።

ጌትነት አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሾፌሩ ዞሮ «አዙር» አለው።

«አዙሬያለሁ» አለ ሾፌሩ። እውነትም መኪናዋ ዞራለች። ከእስቴ ጀምሮ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። አስወራዋለሁ ብዬ ስፎክር እንዲህ አልነበረም ያሰብኩት።

 ወደ ኋላ ስንመለስ ከሴቶቹ አንዷ መጥታ ጋቢውን ከእጄ ልትቀበለኝ ሞከረች፤ አልለቀቅሁም። ጌትነት በየኩርባው ስልኩን ወደ ላይ እያነሣ ኔትዎርክ ይፈልጋል። አንዴ ገባለትና ቤቱ ከአልቤርጎው ጀርባ መሆኑን ሰማ፤ ከዚያ ዳግመኛ ተቋረጠ። ስለት ተሳልኩ። ምን እንደተሳልኩ ለእመቤታችን ብቻ ነው የምነግረው።

ደብሬ ለካ በትሯን ረስታ ተመልሳ ነበር። ስትወጣ የፊተኛውን በር ትታ በጓሮ በር ወጥታለች፤ ለእሷ ሁለቱም ብርሃን ናቸው። ድንጋይ አደናቅፎ በጉልበቷ ጥሏታል። ድንች ቀቅላ ለመንገደኛ የምትሸጥ ወርቄ የምትባል ሴት ደርሳ አነሣቻት። የት ነው መኪናዬ ስትል መኪናዋ ሄዳለች። ወርቄ መቀነቷን ስትፈትሽ ያችን የሳቅሁባትን ወረቀት አገኘች። ፊደል የሚያውቅ ጎረቤት ጠርታ አስደወለች። እሷም እንደኔ በዚያች ወረቀት በርበሬ ቋጥራባት ቢሆንስ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ራሴን አልጠይቅም።

ወርቄ ቤት ስገባ ደብሬ ምድጃ ዳር መደብ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ሙቅ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ነው፣ ጉልበቷ በንጹሕ ጨርቅ ታስሯል፣ በእጇ ትልቅ የተቀቀለ ድንች ይዛለች። አርብ ነውና በአዋዜ ትበላለች። ወርቄ ደግሞ እንደ ጥንቱ ወግ ዝቅ ብላ የእንግዳ እግር ታጥባለች። እኔ ገብቼ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። ደብሬ በአተነፋፈሴ አወቀችኝ።

«ጋቢዬን አመጣሽልኝ?» አለች።

«አመጣሁ። ይቅርታም ጠይቄዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«አኮረፈኝ።»

መጀመሪያ ወርቄ ሳቀች፣ ከዚያ በሩ ላይ የተደረደሩት ሁሉ። እኔ ሳቁ ውስጥ ተደብቄ አለቀስኩ። ደብሬ ግን ዓይኗ ባያይም ታውቃለች፤ እርጥብ እጇን ራሴ ላይ አሳርፋ ድንቿን መብላት ቀጠለች።

ወርቄ ሳትቀምሱ ከቤቴ አትወጡም አለች። ለገበያ የቀቀለችውን ድንች በሙሉ አንድ ማሰሮ ለእኛ ገለበጠች። እኛ አገር ድንች ወጥ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ እዚያ ራሱ ምግብ ነው፤ ዱቄት ዱቄት የሚል፣ ስትከፍቺው የሚስቅ። ለመክፈል ብንል ተቀየመች። ምርቃት ብቻ ነው የምቀበል አለች። አሮጊቶቹ ሁሉ ተራ በተራ መረቅናት፤ ምርቃት ሲሆን እኛ አናልቅም። እኔ ልጅሽን ዳሪ፣ ቤትሽ አይጉደል፣ መንገደኛ ከደጅሽ አይጥፋ አልኩ። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት እመርቃታለሁ።

አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ስንደርስ ገበያው ተበትኗል። ሰውና አህያ ወደየቤቱ ሲጎርፍ ፊት ለፊት ተገናኘን። ለገበያው ጓጉተው የነበሩ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷም አላጉረመረመችም። ከተማው ውስጥ ጌትነት አስቀድሞ የደወለላቸው የሰንበቴ ሰዎች ቤታቸውን ከፍተው ጠበቁን፤ በመዘግየታችን ወጡ ቀዝቅዞ ሦስት ጊዜ አሙቀውታል። እንኳን መጣችሁ እንጂ የት ቆያችሁ አላሉንም።

ቅዳሜ መኪናዋ የምትደርስበት ደርሰን ቀሪውን በእግር ሄድን። ደብሬ ትከሻዬን ይዛ፣ እኔ ድንጋዩን ሁሉ በስም እየጠራሁላት። ከፍ በይ፣ ዝቅ በይ፣ እዚህ ጋ እበት አለ። ስለ ቤተ ልሔም ሕንፃ ብትጠይቁኝ የምነግራችሁ ጥቂት ነው። ከውጭ እንደ ማንኛውም አገር ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት፣ ከውስጥ ሌላ ናት ይላሉ፤ እኔ በሴቶች በር ቆሜ መሬቱን ነው ስስም የነበርኩ። ዛፎቹ ግን እንዴት ያሉ ናቸው። ጥላቸው ውስጥ ስትገቢ ነፋሱ እንኳ ነጠላ አይገፍም።

ከዛፎቹ ሥር ተማሪዎች ድጓ እያዜሙ ይቀጽላሉ። ደብሬ ቀጥ አለች። ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችና ጆሮዋን ሰጠች። ብዙ ቆየን። መጨረሻ ላይ ፈገግ ብላ «ዘነቡ፣ እዚህች ጋ የኔ ሰውዬ ሁልጊዜ ይሳሳት ነበር» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ዜማው እንዲያ ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ አብሬ ሳንጎራጉር።» ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መሪጌታ ምንም ሳልቀልድ ቀረሁ።

ተማሪዎቹን የሚያስተምሩት የኔታ፣ የእስቴ ሰዎች መሆናችንን ሲሰሙ ጠሩን፤ ጸሎት አደረጉልን፤ ከሳቸው ጠበል ጠጣን። እኔ ሆዴ አልችል ብሎ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መቁጠር ነውር ነው ብዬ መከልከሌን፣ ጥማዱን፣ ጆንያውን። ጆንያው ጋ ስደርስ ሳቃቸውን በመቋሚያቸው ከለሉ። «ዳዊትስ ቢቆጥር መቅሰፍት ወረደበት አይደል ወይ የኔታ?» አልኩ፤ ትንሽ እንኳ ትክክል ሆኜ ልውጣ ብዬ።

«ዳዊት የቆጠረ ሊኮራ ነው» አሉኝ። «እረኛ የሚቆጥር ግን ሊፈልግ ነው። ከመቶው አንዷ በግ መጥፋቷን በምን አወቀ ይመስልሻል?»

ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናዋ ወዳለችበት ተመለስን። ጌትነት ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ጥማዳችሁ ብሎ ሊጀምር አፉን ሲከፍት ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ደብሬን ከጎኔ አቆምኩ። «በል ከኔ ጀምር፤ ጮክ ብለህ» አልኩት። እሱ መጀመሪያ የማሾፍ መስሎት አየኝ። ከዚያ ጣቱን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ «አንድ» አለ፣ ደብሬ ላይ «ሁለት» አለ። ሌሎቹም እየተሰለፉ ገቡ። ሁላችንም ልክ ነበርን። ምንም አልቀነስንም። ከዚያ በኋላ በየቁጥቋጦው ስንወርድና ስንወጣ ቆጠረን። ሊረሳ ሲል የማስታውሰው እኔ ሆንኩ። ሾፌሩ እንኳ ደብረ ታቦር ላይ «እማማ ቁጥር» ብሎ ጠራኝ፤ ሁለተኛው ቃሉ መሆኑ ነው፣ እሱንም ለስድብ አዋለው።

ደብረ ታቦር አድረን ሰኞ ከሰዓት እስቴ ገባን። ትርንጎ ከሩቅ ቆማ ትጠብቃለች። የደብሬን እጅ ይዤ ወረድኩ፤ እጇን በልጇ እጅ ላይ አደረግሁላት። የልጅ ዓይን አይሳሳትም፤ ወዲያው ጉልበቷን አየች። ምን ሆና ነው አለች። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ማየት ተዉ። ደብሬ «ደረጃ ነው» ልትል ጀመረች። አስቆምኳት።

«ጥያት ሄጄ ነው» አልኩ። «ንፋስ መውጫ። ወድቃ ሰው አነሣት። ጌትነት መለሰን።»

ትርንጎ እኔን አየችኝ። ከዚያ እናቷን አየች። ደብሬ ስለ ወርቄ ድንች፣ ስለ ድጓው፣ መሪጌታ ስለሚሳሳቱባት ቦታ ማውራት ጀምራለች፤ ባሏ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ስታወራ አይተናት አናውቅም። ትርንጎ ዝቅ ብላ ጉልበቴን ሳመችና «አምጥተውልኛል» አለች። እኔ ለዚያች ቃል ሌላ የምከፍለው የለኝምና እንዲህ እጽፍላታለሁ፤ ማለቴ አስጽፍላታለሁ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ስንዱ እሳት ልትጭር መጣች። እኔ እንደልማዴ ቁጭ አድርጌ ከመነሻው እስከ መድረሻው አወራኋት። በተለይ የመራጭነቴን ነገር አጋነንኩ፤ ባለ ሞንታርቦውን እንዴት እንዳባረርኩት፣ ያችን ጥያቄ እንዴት እንደጠየቅሁ፣ እኔ ባልኖር ማኅበርተኛው ሁሉ የት ይወድቅ እንደነበር። ስንዱ ፍሙን በገል ይዛ በር ላይ ቆማ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ሰውዬውን መምረጥስ መርጠሻል» አለች። «ሌላ ጊዜ ግን እሱም ተጓዡን ይምረጥ።»